ለወላጅ ያልተለበሰ ሐዘን

በደቡብ ለንደን ከምንኖር የአገሬ ሰዎች አንዱ ሲሞት፣ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ሞቱ፤ ልጆቻቸው አማርኛ መጻፍ ስለማይችሉ እኔ ተጠራሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው እጄ ላይ ቀረ። አንዳንድ ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያገኙኝ «የእኔን መቼም አታበላሽብኝም» እያሉ ይቀልዳሉ። ጽሑፉ የታወቀ ቅርጽ አለው። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ብሎ ይጀምራል፤ ትምህርትን፣ ስደትን፣ ሥራንና ደግነትን በየተራ ያልፍና መጨረሻው አካባቢ አንድ መስመር ይመጣል፦ «ባለትዳርና የአራት ልጆች እናት ነበሩ።» ያ መስመር ሲነበብ ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን ወደ ልጆቹ ያዞራል፤ ረገብ ብሎ የነበረው ልቅሶም እንደ አዲስ ይነሣል። ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ባለፈው የካቲት ለእትዬ ስጽፍ ግን እዚያ መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

ሁለት እኅትማማቾች አሳደጉኝ። ታላቂቱን «እማዬ»፣ ታናሺቱን «እትዬ» እያልኩ አደግሁ። ኬኒንግተን ውስጥ ካውንስሉ፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ በሚያከራየው አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን፤ አንደኛው መኝታ ቤት የሁለቱ ነበር፣ ሌላው የእኔና የመጻሕፍቴ። የእማዬ ባል ለንደን ሳንገባ ሞቷል። እማዬ በማኅበሯ የምትከበር፣ ድምጿ ከደረጃው ሥር የሚሰማ ሴት ናት። እትዬ ግን ስትናገር እንኳ ለተናገረችው ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስል ነበር። ገና ሳይነጋ ተነሥታ በባቡር ኬንቲሽ ታውን ትሄድና ሠራተኞቹ ከመግባታቸው በፊት ቢሮዎች ታጸዳለች፤ እኔ ቁርሴን በልቼ ሳልጨርስ ተመልሳ ትመጣለች።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ሦስታችንም ቶተንሃም ወደ አንድ ለቅሶ ቤት ሄድን። ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት አሮጊት እዚያ ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁና መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥለው እትዬን አዩ።

«ወይ ጉድ! እናቱን ቁርጥ! አፍንጫው እንኳ አልቀረ!»

እማዬ ከወዲያ ማዶ ፈገግ አለች።

«አይ እሜቴ፣ እናቱስ እኔ ነኝ። ያቺ እኅቴ ናት።»

«እህ?» አሉ አሮጊቷ፣ እትዬን እንደገና እያዩ። «እንግዲህ ዓይኔ ነዋ። እርጅና መቼም ሰው ፊት ያዋርዳል።»

«ለእሜቴ ሻይ ጨምሩላቸው እንጂ!» አለ አንድ ሰው ጮክ ብሎ። ሦስት ሴቶች ለአንድ ብርጭቆ በአንድ ጊዜ ተነሡ።

እውነቱን ያወቅሁት ከአሮጊቷ ንግግር አይደለም፤ ከሦስቱ ሴቶች አነሣሥ ነው። እትዬ የጫማዋን ጫፍ ትመለከት ነበር።

አልጠየቅሁም። የቀረውን ባለፉት ዓመታት ከየአቅጣጫው ከሚወድቅ ቃል ለቅሜ አገጣጠምኩት። እትዬ በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ሳታገባ ወለደችኝ። እማዬ አግብታ ልጅ አላገኘችም ነበር። ስደት ሲመጣ በኢሚግሬሽን ፎርም ላይ እኔ የታላቂቱ ልጅ ሆኜ ተጻፍኩ፤ ታናሺቱም የልጁ አክስት ሆነች። የተደረገው የአንዲትን ልጅ ስም ከሐሜት ለመጠበቅ፣ ከዚያም ሦስታችንን ላለመለያየት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ወረቀቱ ቤተሰቡን ሠራው። አንዲት ቃል ብትነካ ሁሉም እንደሚፈርስ አድርገው ሁለቱም ፈሩ፤ ሲቆይ ፍርሃቱ አለፈና ልማዱ ቀረ። በአገራችን በአያቱ እጅ ያደገ ልጅ ወላጅ እናቱን እንደ እኅት መጥራቱ ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህ እኔም «እትዬ» ማለቴን ቀጠልኩ።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የመረጥኩት ርእስ በመካከለኛው ዘመን ኮሪያ ቤተ መንግሥት የኖረች አንዲት የንጉሥ ሚስት ነበረች፤ ንግሥቲቱን ሳይሆን ከንግሥቲቱ በታች የምትቆጠረውን ዕቁባት። በቤተ ክርስቲያን ይህ ሲሰማ ሳቅ ሆነ። «ልጄ፣ የእኛ ነገሥታት አልቀውብህ ነው ኮሪያ ድረስ የሄድከው?» አሉኝ አንድ አባት። ለመምህሬ ስለ መዛግብቱ ብዛት ነገርኩት። እውነተኛው ምክንያት ግን በአንድ የተተረጎመ መዝገብ ላይ ያገኘሁት አጭር አንቀጽ ነበር። የሴቲቱን ስም መዝገቡ አላኖረውም፤ ያለው የአባቷ ወገን ስምና በግቢው የተሰጣት ማዕረግ ነው። በልጅነቷ ተመርጣ ገባች፤ ከገባችም በኋላ የአባቷን ቤት ደጃፍ አላየችም። ወንድ ልጅ ወለደች። ንግሥቲቱ ልጅ ስላልነበራት ሕፃኑ የንግሥቲቱ ልጅ ተብሎ ተመዘገበ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ «እናቴ» የሚላት ንግሥቲቱን ሆነ፤ ወላጁን በማዕረጓ ይጠራታል። እርሷም ከማኅፀንዋ የወጣውን ልጅ አንቱ እያለች በፊቱ ትሰግድ ነበር።

ይህን አንቀጽ ለረጅም ጊዜ ለእትዬ አላነበብኩላትም። ሌላውን ሁሉ ግን አነበብኩላት። ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች፤ እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል።

«እሺ፣ ሴትዮዬ ዛሬ ምን ሆነች?»

«ዛሬ ስለ ልብሷ ነው። ለበዓል ቀን ልብስ በልብስ ላይ እየደረቡላት ሰባት ይደርሳል።»

«ሰባት! ማን ያጥብላታል?»

«አጣቢዎች ነበሩ። ስፌቱን ይፈቱትና ጨርቁን አጥበው፣ እንደገና ይሰፉታል።»

«ባጠቡት ቁጥር?» እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። «እንግዲያው ስለ እነሱም ጻፍ። ሁሉም ስለ ለባሿ ይጽፋል፣ ስለ አጣቢዋ ማን አለላት?»

ስለ አጣቢዎቹ አንድ ምዕራፍ ጨመርኩ። መምህሬ ከጽሑፉ ሁሉ የተሻለው እርሱ ነው አለኝ።

ሌላ ቀን ደግሞ የቤቶቹ ወለል ከሥር በእሳት ይሞቅ እንደነበር ስነግራት ከተጋደመችበት ተነሥታ ተቀመጠች። «ወለሉ? ከሥር? እሰይ! ካውንስሉ ይህን ይስማ! እኛ አንድ ማሞቂያ ራዲያተር ለማሠራት ስንት ጊዜ ደወልን?»

እማዬ ከኩሽና አንገቷን ብቅ አደረገች። «እናንተ ደግሞ! ባለቤቲቱ ንግሥቲቱ፤ ወሬያችሁ ሁሉ ስለ ዕቁባቲቱ።»

ቀልድ ነበር። እትዬ ግን ሳቋን እዚያው ላይ አቆመች፤ ብርጭቆዋን ይዛ ልታጥበው ተነሣች። እማዬም የተናገረችውን ዘግይታ የሰማች ይመስል ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ባለፈው ዓመት መስከረም እትዬ ታመመች። ወደ ሆስፒታል ለማስተርጎም አብሬያት እሄድ ነበር። እትዬ እንግሊዝኛ ታውቃለች፤ ፎርም ታነባለች፣ ከአውቶቡስ ሹፌር ጋር ትቀልዳለች፤ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ግን ቋንቋው ይጠፋባታል። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። በሽታው አንዳንዴ ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ የቤተሰቡን ታሪክ መጠየቅ እንዳለባት አስረዳችን። ስለ አያት ጠየቀች፣ ተረጎምኩ። ስለ እኅት ጠየቀች፣ ተረጎምኩ። ከዚያ ልጆች እንዳሏት ጠየቀች።

«ልጆች አሉሽ ወይ ትላለች።»

እትዬ ጥያቄውን ከእኔ በፊት ሰምታዋለች። አየችኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ አይታኝ አታውቅም፤ ዓይኗ እኔን የሚጠይቀኝ ነገር ነበረው።

«የለኝም በላት» አለች።

«ልጅ የላትም» አልኩ በእንግሊዝኛ። ሐኪሟ ጻፈች። ትርጉሜ እንከን አልነበረውም።

ከገና በኋላ እቤት እንድትሆን ተወሰነ። መኝታ ቤቴን ለቀቅሁላት፤ መጻሕፍቱን ግን «አታውጣቸው፣ ይጠብቁኝ» ስላለች በግድግዳው ዙሪያ እንደ ተደረደሩ ቀሩ። አንድ ከሰዓት በኋላ እማዬ መድኃኒት ልታመጣ ወጥታ ሁለታችን ብቻችንን ቀረን። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል።

«ሴትዮዬ ልጅ አልነበራትም?» አለችኝ።

«ነበራት። ወንድ ልጅ።»

«ደብቀኸኝ ነበራ።»

ያን ጊዜ አንቀጹን አነበብኩላት፤ መዝገቡን፣ ማዕረጉን፣ ስግደቱን። ጣሪያውን እያየች አዳመጠች።

«ነገሠ?»

«ነገሠ።»

«እሷስ ስትሞት ምን አደረገ?»

ገጹን ገለጥኩ። በሕጉ መሠረት ልጅ ለእናቱ ሦስት ዓመት ሙሉ የሐዘን ልብስ እንደሚለብስ፣ የንጉሡ እናት ግን በሕግ ንግሥቲቱ ስለሆነች ለወለደችው እንዲያ ማዘን እንደማይፈቀድለት ነገርኳት። ንጉሡ ሊለብስ ፈለገ፤ መኳንንቱ ለአሳዳጊ እናትህ ውርደት ነው ብለው አቤት አሉ። በመጨረሻም እንደ ሩቅ ዘመድ የሦስት ወር ሐዘን ለበሰላት።

«አለቀሰላት?»

«መዝገቡ አይናገርም።»

«መዝገቡን ተወው። አንተ ምን ይመስልሃል?»

በሕይወቴ አንድ በር ተከፍቶልኝ ከነበረ ያን ጊዜ ነው። አልጋዋ ላይ ካለው ትራስ እስከ እኔ ወንበር አንድ ክንድ አይሞላም። አፌ ውስጥ ቃሉ ነበረ። ከቃሉ ጋር ግን እማዬ ነበረች፤ በዝናብ ውስጥ መድኃኒት ይዛ የምትመጣው፣ ትምህርት ቤት በር ላይ የጠበቀችኝ፣ በእኔ ስም ሃያ አምስት ዓመት «እናቱ ነኝ» ብላ የፈረመችው። እኔም እንደ ተማርኩት መለስኩ።

«ማስረጃ በሌለበት መናገር አይቻልም» አልኳት።

እትዬ ትንሽ ሳቀች። «ደግ። ትምህርት ማለት እንዲህ ነው» አለችና ፊቷን ወደ መጻሕፍቱ አዞረች። ወደዚያው እያየች ጨመረች፦ «ያሳደገችውን አላሳፈረም። እሱንም ደግ አደረገ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ሴቲቱ አልጠየቀችኝም። በዘጠነኛው ቀን፣ ማለዳ፣ እኔና እማዬ ግራና ቀኝ እጇን ይዘን ሳለ አረፈች።

«መቼም የምትጽፈው አንተ ነህ» አለችኝ እማዬ። ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። በአንደኛው መስመሩ ነበረ፦ «የአንድ ልጅ እናት ነበሩ።» አምስት ቃል የማይሞላ ነገር ነው። ባነበብኩት ቁጥር በቀብሩ ላይ አንገቶች ሁሉ ወደ እኔ ሲዞሩ፣ ከእኔም ወደ እማዬ ሲዞሩ ታየኝ። «ያሳደገችውን አላሳፈረም» የሚለውን የእትዬን ቃል እንደ ኑዛዜ ቆጠርኩት። ወረቀቱን አጠፍኩና ደረት ኪሴ አስገባሁ፤ በሁለተኛው ላይ «ለእኅታቸውና ለእኅታቸው ልጅ መከታ ነበሩ» ብዬ ጻፍኩ። ከስሟ በፊት «ወይዘሮ» አልኩ። ሳታገባ ለሞተች ሴት ይህን ብቻ ነው የደፈርኩት።

በቀብሩ ዋዜማ እማዬ «አንብብልኝ» አለች። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

ዓይኗን ሳትገልጥ «እሺ» አለች።

በማግስቱ በመቃብሩ አፍ ቆሜ አነበብኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ልቅሶው እንደ አዲስ የሚነሣበት ቦታ ላይ ስደርስ ሰው አንገቱን ወዴት እንደሚያዞር አላወቀም፤ ጥቂቶቹ እማዬን አዩ፣ የቀሩት አፈሩን። የሚመጣው ሁሉ እማዬን አቅፎ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ይላል፤ እኔን ግን እጄን ጨብጦ ያልፋል። አንድ ሽማግሌ «ጎበዝ፣ አሳምረህ ጻፍክላት» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ተበትኖ እኔና እማዬ የተዋስናቸውን ወንበሮች ስናጣጥፍ፣ ቀና ሳትል ተናገረችኝ።

«ለምን አልጻፍከውም?»

«ምኑን?»

«ተው እንግዲህ። ከቶተንሃሙ ለቅሶ ጀምሮ እንደምታውቅ አውቃለሁ።»

የያዝኩትን ወንበር አስቀመጥኩ። «እሷስ?»

«እሷማ! ጎን ለጎን ስንተኛ ስንቴ ነው የጠየቀችኝ፤ ‹ዛሬ ይለኝ ይሆን?› ትለኛለች። እኔ ደግሞ ‹ተይው፣ ራሱ ያምጣው› እላታለሁ።» ነጠላዋን አንገቷ ላይ እንደ ዘቀዘቀችው በጫፉ ፊቷን ጠረገች። «እኔ አፌ አልፈታ አለኝ። እናቱ ነኝ፣ እናቱ ነኝ ስል ኖሬ ምን ብዬ ልጀምር? አንተ ትጽፈዋለህ ብዬ ጠበቅሁ። ስታነበው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል፤ እኔም ተነሥቼ ‹እውነት ነው፣ የእሷ ነው› ልል ነበር። ጫማዬን እንኳ እንዳያንሸራትተኝ መርጬ ነው የሄድኩት።»

«አንቺን እንዳላሳፍር ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። እሷም እኔን እንዳታሳፍር ብላ ነው። እኔም አንተን። ተከባብረን፣ ተከባብረን...»

አልጨረሰችውም። ከደረት ኪሴ የታጠፈውን ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋት። መነጽር ስላልያዘች ከዓይኗ አርቃ፣ መልሳ አቅርባ ያችን መስመር ፈለገችና በጣቷ ነካቻት። የሕይወት ታሪክ የሚነበበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በአርባው ተዝካር ላይ እኚያ አሳምረህ ጻፍክ ያሉኝ ሽማግሌ ጥቁር ሸሚዜን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው፣ «በቃ፣ አሁን አውልቀው የኔ ልጅ። ለአክስት አርባው ይበቃል» አሉኝ። በደግነት ነው። የኮሪያው ንጉሥ የተሰጠው ሦስት ወር ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ ኩሽና ውስጥ ዕቃ ስታጥብ እኔ በረንዳው ላይ የተሰጣውን ልብስ ልሰበስብ ወጣሁ። ከአንሶላዎቹ መካከል የእትዬ ሰማያዊ የሥራ ሽርጥ ተሰቅሏል፤ እማዬ አጥባዋለች፤ ለምን እንዳጠበችው አልጠየቅኋትም። በዚያች የኮሪያ ዕቁባት ቤተ መንግሥት ሰው ሲሞት አንድ አገልጋይ የሟቹን ልብስ ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ወደ ሰሜን ዞሮ «ተመለሱ» እያለ ሦስት ጊዜ ይጣራል። መልስ ሲጠፋ ብቻ ነው ሐዘን የሚጀመረው። በረንዳችን የሚያየው ወደ ሰሜን ነው፤ ከወንዙ ማዶ፣ እትዬ በየማለዳው ትሄድበት ወደ ነበረው ወደ ኬንቲሽ ታውን አቅጣጫ። ሽርጡን ከገመዱ አወረድኩ። ጨርቁ ገና እርጥብ ነበር። ልጠራት ፈለግሁ፤ እትዬ ብዬ ግን አልነበረም።

«እማዬ» አልኩ፣ በዝግታ።

«አቤት!» አለች እማዬ ከኩሽና።

ሽርጡን አጣጥፌ ገባሁ።